ለልምምድ የተላኩ ሽማግሌዎች

«የናንተ ኮሌጅ ልጅ በሽተኛዬን አይነካም» አለችኝ፤ ፊት ለፊት፣ የሻይ ብርጭቆዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

ሲስተር ነበረች፤ በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ። ወፍራም መነጽር፣ አጭር ፀጉር፣ ነገር የማያስረዝም አፍ። እኔም ነገር ማስረዘም አልወድም። ስለዚህ «ለምን?» አልኳት።

«ትምህርታችሁ እውቅና የለውማ።»

«ኮሌጁ እውቅና አለው። ወረቀቱ ዲኑ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከፈለግሽ መጥተሽ እዪው።»

«አይቼዋለሁ። የተሰቀለው የአካውንቲንግ ነው» አለች። «እውቅና የሚሰጠው በትምህርት ዓይነት ነው፣ ልጄ። ለአካውንቲንግ የተሰጠ ለሳይኮሎጂ አይሆንም። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሲመጡ አስተማሪያቸው አብሯቸው ይመጣል። ቢያጠፉ የሚጠየቅላቸው ቤት አላቸው። አንቺ ብታጠፊ ማን ይጠየቃል? እኔ።»

«አላጠፋም።»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው» አለችና ሻይዋን ፉት አለች።

ከክፍሏ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ አዩኝ። እዚያ ኮሪደር ላይ ሰው ሲያይሽ ምን ሆና ይሆን ብሎ ነው። ምንም አልሆንኩም ልላቸው ፈልጌ ነበር።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ያለ ተግባር ልምምድ መመረቅ የለም። ልምምዱን የተቀበለ መሥሪያ ቤት በመጨረሻ ገምግሞ ፈርሞ ካልላከ ጋውን ለብሶ ፎቶ መነሳት የለም፣ ዲግሪ የለም፣ የሦስት ዓመት ምልልሴ ሁሉ ከንቱ ነው። ዛሬም የትምህርት ደረጃ ስጠየቅ አሥራ ሁለተኛ ነው የምለው። ለምን እንደዛ እንደምል የሚጠይቀኝ ሲመጣ ግን ሲስተርን፣ አባቴንና ሁለት ሽማግሌዎችን ካላነሳሁ ማስረዳት አልችልም።

ያ የፓርቲዎች ግንባር አገር በሚመራበት ዘመን ሶዶ ውስጥ ፎቅ የሠራ ሁሉ ላዩ ላይ ኮሌጅ ነበረው። የኛ ኮሌጅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሥሩ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ሱቅ። ትምህርት እየተማርን ታች ቆርቆሮ ሲጫን እንሰማለን፤ አስተማሪው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀጥላል። የሱቁ ባለቤት የስልጤ ሰው ነበሩ። ስንወጣ ስንወርድ «እናንተ ልጆች፣ አሁን ሐኪም ናችሁ ወይስ አስተማሪ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። እኛም በደንብ አናውቀውም ነበር።

ሳይኮሎጂ የገባሁት የሰው አእምሮ ከልጅነቴ ስለሚገርመኝ አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። አካውንቲንግ ሞልቶ ነበር፣ ባይሞላም ከቁጥር ጋር ቁጭ ማለት አልችልም። ሲጀመር ቁጭ ማለት ራሱ አልችልም። እናቴ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ ጉንዳን አለ» ትል ነበር። ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ ከአዋሳ በአውቶቡስ እየመጣ የሚያስተምረን ሰው አንድ ቀን እንዲህ አለን፦ ዝም ብሎ መስማት ሥራ ነው፤ እንደ ድንጋይ መፍለጥ ያደክማል። እኔ በኛ ቤት ይህን አይቼ አላውቅም። በኛ ሰፈር ሰው ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ጸሎት ይጀመርለታል። አይከፋም፣ ግን ሰውየው አልጨረሰም። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ አድርጎ አንዳችን እንድናወራ፣ አንዳችን ዝም እንድንል አዘዘን። እኔ ዝም ባይ ነበርኩ። ከተበላ ከተማ የመጣች ጓደኛዬ ስለ አባቷ አወራችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ይህ ነው አልኩ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ስለዚህ ልምምዱ ለኔ ወረቀት ብቻ አልነበረም። የታመመ ሰው ፊት ተቀምጬ እንደዛ ዝም ማለት እችል እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ከሆስፒታሉ በፊት ሌላም ጋ ሞክረናል፤ እኔና ያቺ ጓደኛዬ። አንድ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ቢሮ ሄድን። ከወላጅ አልባ ልጆች ጋር የሚሠራ ድርጅት ሄድን። ማረሚያ ቤትም ሄደናል፤ በሩ ላይ ፈትሸውን አስገቡን፣ ውስጥ ያለው ኃላፊ ግን ከሲስተር ጋር የተማከረ ይመስል ያንኑ ጠየቀ፦ «ፕሮግራሙ እውቅና አለው?» ጓደኛዬ ስንወጣ ሳቀች። «እኛ እኮ የጊፋታ በዓል ኮርማ ሆንን» አለች፤ «ሁሉም ዞሮ ዞሮ ያየናል፣ ገዝቶ የሚሄድ የለም።» በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ተበላ ተመለሰች። «የገበያ ቀን በቆሎ እሸጣለሁ። በቆሎን ማንም እውቅና አለሽ ወይ አይለውም» አለችኝ። ሚኒባሱ ላይ ሆና ነበር የነገረችኝ፤ ያኔ ግን አልሳቀችም።

ዲኑ ጋ ገባሁ። ጥሩ ልብስ የሚለብስ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከኛ ሁለት አግዳሚ ፊት ነው የሚቀመጠው።

«የሳይኮሎጂ እውቅና የት አለ?» አልኩት።

«እህቴ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው በሂደት ላይ የሆነው?»

«በሂደት ላይ ያለ ነገር ከመቼ አይባልም» አለኝ። ከኋላው የአካውንቲንጉ ወረቀት በወርቃማ ፍሬም ይታያል። ያኔ ሁሉም ነገር በሂደት ላይ ነበር፤ መንገዱም፣ ውኃውም። ከዚያ በላይ መጠየቅ ወንድምን ውሸታም ማለት ነው፣ እሱም ይህን ያውቃል። ወላጆቻችን ስንመዘገብም ያልጠየቁት ለዚህ ነበር። አባቴ የተመዘገብኩ ቀን ያንን ፍሬም አይቶ ኮፍያውን አውልቋል። አባቴ አናጢ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንን አግዳሚ ሁሉ የሠራው እሱ ነው። በሱ አስተሳሰብ ቤቱ ከተፈቀደ ክፍሎቹ ሁሉ ተፈቅደዋል። መሬት ሲሰጥ ለጓዳው ለብቻ ፈቃድ የሚያወጣ ማን አለ?

ሲስተር ያለችኝን ስነግረው ማሰሮውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ከእንሰት ጓሯችን የተቆፈረ ቦይና የሚባል ሥራሥር ነበር እራታችን፣ ዳጣውም ነበር፤ ማንም አልነካውም።

«ሴትየዋ የት አገር ናት?» አለ።

«አረካ።»

«እንግዲህ የኛው ናት። ሽማግሌ እልካለሁ።»

«አዋ!» አልኩት፤ በወላይትኛ አባት የሚባለው እንደዛ ነው። «ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው፣ ለደም ነው። ሲስተሯን ልታጋቡኝ ነው?»

እናቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። «የተዘጋ ነገር ሁሉ በሽማግሌ ነው የሚከፈተው» አለ። «ሰው ወረቀትን እምቢ ይላል። የቆመን ሽማግሌ እምቢ ያለ ሰው እኔ አላየሁም።»

«እውቅና የለውም ነው የምትለው እኮ። ሽማግሌ እውቅና ይሆናል?»

«ሽማግሌ እኛ እናውቃታለን ይላል። ከዚህ በላይ ምንድነው?»

ለዚህ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎች አረካ ላንድ ወጣት ሽምግልና ሄደው፣ ቆመው እየለመኑለት ሳሉ ልጁ ትቷቸው ሄዷል። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ልመናው ፈረሰ፤ የልጅቷ አባትም ተነስቶ በሩን ዘጋ፣ ማንም አልወቀሰውም። «የተላኩለት ሰው ከሄደ ሽማግሌ ምን ይዞ ይለምናል?» አለኝ። «ስለዚህ አንቺ፣ መቀመጥ ባትችዪ እንኳ ቁሚ። እስኪጨርሱ የትም እንዳትሄጂ።»

ሄዱ። አንደኛው ረዥም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ሌላው አጭር፤ ደሞታ ተራራ ሥር ቡና የሚተክሉ። የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው ጥላ ይዘው ነበር፣ ዝናብ ባይኖርም። አባቴ ከኋላ ነበር። የባለጉዳይ አባት አይናገርም፣ ይከተላል እንጂ። እኔም ከሱ ኋላ።

የክፍሉ ዘበኛ አስቆማቸው። «ካርድ አውጥታችኋል?»

«እኛ በሽተኛ አይደለንም» አሉ ረዥሙ።

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው፣ አባባ። ካርድ እዚያ ጋ ነው።»

አጭሩ ሽማግሌ ሳቃቸው መጣ፤ ረዥሙ በክርን ነኳቸው። እኔ ጣልቃ ገብቼ አስረዳሁት። አስገብቶ አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። አባቴ ሲቀመጥ አግዳሚው ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ፣ በጣቱ ነካካው። «ምስማሩ ወጥቷል» አለኝ በሹክሹክታ፤ እዚያ የሄድንበትን የረሳ ይመስል።

ሲስተር በሯን ስትከፍት ተነሱ።

«አባቶች፣ ምን ልታዘዝ? ተቀመጡ» አለች።

«አንቀመጥም» አሉ ረዥሙ። «ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ቢሮ የአማርኛ ቤት ነው ብለው በአማርኛ ነበር የጀመሩት። የሳቸው አማርኛ ደግሞ ሴትና ወንድ አይለይም። «ዶክተር፣» አሏት፣ «አንተ የኛ ልጅ ነህ። ይሄ ደግሞ የኛ ልጅ ነው። ሲወለድ እናውቃለን፣ ሲጠመቅ እናውቃለን። አንድ ልጅ ሌላውን ልጅ ደጅ ላይ አያቆምም።»

ሲስተር መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ነው የሆነው። አግዳሚው ላይ የነበሩት በሽተኞችና አስታማሚዎች አንድ በአንድ ተነሱ። ማንም ተነሱ አላላቸውም። በኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ የሚቀመጥ የለም። ከራሷ ጋር የምታወራ አንዲት ልጅ ሳትቀር ቆመች። ኮሪደሩ በሙሉ ቆሞ ሲስተርን ያያል። ምን ታደርግ? መነጽሯን አወለቀች፣ በጋውኗ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ከዚያ አማርኛውን ትታ በወላይትኛ «እሺ፣ ትምጣ» አለች። «አሁን ተቀመጡልኝ፣ አባቶቼ። በሽተኞቼን አታስቁሙብኝ።»

ተቀመጡ። ረዥሙ መረቋት፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ መሰከረ። እግዚአብሔር ለልጁ የተዘጋ በር ከፈተ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከፊታችን ዲኑ ከሁሉም ጮክ ብሎ አሜን አለ።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ስሚኝ» አለች። «ጋውን አትለብሺም። ካርድ አትከፍቺም። ብቻሽን ከማንም ጋር አትገቢም። እዚህ ትቀመጫለሽ።» ያን የሚንቀጠቀጥ አግዳሚ አሳየችኝ።

«እስከ መቼ?»

«ሽማግሌዎቹ እስከ መቼ አላሉም።»

ተቀመጥኩ። እኔ፣ ጉንዳን ያለብኝ። ጠዋት ከደሞታ ጉም ይወርዳል፤ ሰዎች ጋቢ ተከናንበው ይመጣሉ፣ ፀሐይ ሲወጣ ይገልጡታል። ማን የመጀመሪያ ቀኑ እንደሆነ፣ ማን መድኃኒቱን እንደተወ ከአቀማመጡ መለየት ጀመርኩ። የዩኒቨርሲቲ ተለማማጆች ጋውን ለብሰው ባጅ አንጠልጥለው ከፊቴ ያልፋሉ። ክፉ ልጆች አልነበሩም። አንዷ መመሪያ መጽሐፏን ታውሰኝ ነበር፣ ምሳም አብረን በልተናል። አንድ ቀን «አንቺ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነሽ?» አለችኝ። የኮሌጄን ስም ነገርኳት። «ኦ» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አወራን። ዓርብ ዓርብ አስተማሪያቸው መጥቶ ክብ ሠርተው ያዩትን ያወራሉ፣ ያርማቸዋል። በሩ አይዘጋም ነበር። እኔ አግዳሚዬን ወደ በሩ አስጠግቼ ሰማሁ። የሚያርመኝ አልነበረም፤ በሐሳቤ መልሼ እኔው ራሴን አርም ነበር።

ልጆቹ ከሩቅ አገር የመጡ ነበሩ፤ ወላይትኛ አያውቁም። ከገጠር የሚመጣው በሽተኛ ደግሞ አማርኛ አያውቅም። ሲስተር አንድ ቀን በሯን ከፍታ «አንቺ፣ ነይ ተርጉሚ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መግባት ጀመርኩ።

ከተበላ በታች ካለው ቆላ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ልጇ በወባ ሞቶባታል። ከዚያ በኋላ እሳት ማንደድ አቃታት፤ ምድጃው ፊት ትቀመጣለች፣ ክብሪቱን ትይዛለች፣ አትጭርም። የባሏ ዘመዶች ሰነፍ አሏት፣ ከዚያ የተረገመች አሏት፣ ከዚያ እዚህ አመጧት። ተለማማጁ ልጅ የሚጠየቀውን በትክክል ጠየቃት፤ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብ እንዴት ነው። ተረጎምኩ። እሷ የምትመልሰው ስለ እሳቱ ብቻ ነው። ያንንም ተረጎምኩ። አንድ ቦታ ላይ ሴትየዋ አቆመች። ተለማማጁ የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቀኝ። እኔ አልተረጎምኩም። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ሲስተር ከጥግ አየችኝ። ተለማማጁም ገባውና ዝም አለ። ቆየን። ውጭ ባጃጅ አለፈ።

ሴትየዋ ከዚያ ተናገረች። ልጇ ሲሞት እሷ እሳት ልታነድ ጎንበስ ብላ ነበር። ጠርቷታል። «ቆይ፣ ይያያዝልኝ» ብላዋለች። እሳቱ ሲያያዝ ዞረች። ከዚያ በኋላ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ልትጀምር ስትል ሁሉም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሏታል።

ይህንንም ተረጎምኩ። እንደጨረስኩ ወጣሁና ቧንቧው ጋ ፊቴን ታጠብኩ። ሲስተር ተከትላኝ ወጣች።

«ዝም ማለት ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

«ያ እውቅና የሌለው ኮሌጅ» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቁን ተውነው።

ሴትየዋ በቀጠሮዋ ትመላለስ ጀመር። መጀመሪያ ክብሪቱን ጭራ እንዳጠፋችው ነገረችን። ኋላ ጎረቤት እሳት አያይዛላት ቡላ እንዳበሰለች ነገረችን። ስትሄድ ሁልጊዜ ትከሻዬን ይዛ በወላይትኛ «ስመጣ አገኝሻለሁ?» ትለኛለች። «ታገኚኛለሽ» እላታለሁ።

የልምምዱ ጊዜ አለቀ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች የግምገማ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ፤ ሲስተር እየሞላች ትፈርማለች። እኔም የራሴን ከሥር አስቀመጥኩ። አነሳችው፣ መለሰችልኝ።

«ለሽማግሌዎቹ ትምጣ አልኩ። መጣሽ» አለች።

«ሠራሁ እኮ።»

«ሠራሽ። አይቻለሁ።» ብዕሯን ዘጋች። «ስሚ። ይህን ብፈርም ወረቀቱ ኮሌጅሽ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን እውቅና የሚመረምሩ ይመጣሉ። ያልተፈቀደ ትምህርት የሚማር ሰው በማን ፈቃድ በሽተኛ ክፍል ገባ ይላሉ። አለቃዬ ከወዲሁ አስጠንቅቆኛል፣ በቃል አይደለም፣ በጽሑፍ። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አባት የላቸውም። ላንቺ ብዬ ነው ብል ማን ይሰማኛል?»

«ታዲያ ለምን መጀመሪያ እሺ አልሽ?»

«ኮሪደሩ በሙሉ ቆሞ ነበር» አለችኝ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪ ነበር?»

ቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። ተቆጣ፤ ግን በኔ አይደለም። «ሰው ትምጣ ካለ መጨረሻውም ያው ነው» አለ። «ግማሽ እሺ የሚባል ነገር አለ? በሩን ከፍተሽ ግቢ ብለሽ ምግቡን ትደብቂያለሽ?»

«አዋ፣ ትባረራለች።»

«ማን ያባርራታል? ሥራዋን አላበላሸች። እንደገና እንሄዳለን። መጀመሪያ የመጣን ሽማግሌ ሊያጉላሉ ይችላሉ። ሁለተኛ የመጣን እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።»

እኔም አላየሁም። ያስፈራኝ እሱ ነበር።

«ተዉት በቃ» አልኩ። «እኔ አልፈልግም።»

«አትፈልጊም? ለሦስት ዓመት ደረጃ የወጣሽው ለምንድነው?» አለኝ። እናቴን አየኋት። እሷም የኔን መመረቂያ ጥሬ ሥጋ ከማን ጋር እንደሚቃረጡ ከጎረቤት ጋር ጨርሳ ነበር። 

በነጋታው ሄዱ፤ ያው ኮት፣ ያው ጥላ። ዘበኛው በዚህኛው ጊዜ ካርድ አልጠየቃቸውም፤ ከወንበሩ ተነስቶ አሳለፋቸው። አባቴ ኪሱ ውስጥ አንድ ምስማርና ትንሽ መዶሻ ይዞ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሳያየው ጎንበስ ብሎ የአግዳሚውን እግር መታ መታ አደረገ፤ ነቀነቀው፤ አልተንቀጠቀጠም። ከአግዳሚው ጫፍ ያቺ የቆላዋ ሴት ተቀምጣ ነበር፤ ቀጠሮዋ ነው። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። ኮሪደሩ አንድ በአንድ ተነሳ። የቆላዋ ሴትም ተነሳች።

ሲስተር ሽማግሌዎቹን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ልመናም የለም። የደከመው ሰው ፊት ነበር። ረዥሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዶክተር፣» አሉ፣ «ባለፈው በልተን ሳንጨርስ ነው የተነሳነው።»

እጇ ወደ ጋውኗ ኪስ፣ ወደ ብዕሯ ሄደ። አየሁት። አባቴም አየው፤ ፊቱ በራ።

«አዋ» አልኩ።

ዞረ። ሽማግሌ ሲናገር ልጅ አትናገርም። ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ሄጃለሁ» አልኩት። በወላይትኛ ነው ያልኩት፤ ኮሪደሩ በሙሉ እንዲሰማ።

ረዥሙ ሽማግሌ ቃላቸውን አቋረጡ። አባቴን አዩትና «ልጅቷ ቆማለች ወይስ ሄዳለች?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ኮፍያውን ይዞ እኔን ያያል።

የቆላዋ ሴት ነጠላዬን ጫፉን ያዘች። «ሄድሽ?» አለችኝ።

እጇን ቀስ ብዬ አላቀቅሁት፤ ጨበጥኩት፤ ለቀቅሁት። ከኋላዬ የሲስተር ድምፅ «ተቀመጡ፣ አባቶቼ» ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ሰው ሲቀመጥ። ዘበኛውን አልፌ በበሩ ወጣሁ። ቤት ብገባ ሄደች አይባልም። አንድ ባጃጅ ቆመልኝ።

«ወዴት ነሽ፣ እህቴ?»

«መነሃሪያ» አልኩትና ገባሁ።